ከክዳኑ ሥር የጫርኋት ፊደል

ሥራ የጀመርሁ ዕለት ጋሽ ይማም አንድ እፍኝ ጤፍ ሣህን ላይ ዘረገፉና ከእጅ ሰዓት ውስጥ የወጣች ብሎን ጣል አድርገው አደባለቋት። ብሎኗ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ወረንጦ ሰጡኝና «በጣትህ ሳትነካ አውጣት» አሉኝ። እኔ ከጦር ሠራዊት የተመለስሁ ሰው ነኝ፤ ጠመንጃ ዓይኔን ጨፍኜ ፈትቼ እገጥም ነበር። አንዲት ብሎን ምን ታደርገኛለች ብዬ ተቀመጥሁ።

እስከ ቀትር ፈለግኋት። አንገቴ ደረቀ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከጎኔ በዚያው ዕለት ለመልመድ የመጣ ጌታቸው የሚባል እኩያዬ የራሱን ሣህን ይዞ ተቀምጧል። ጤፉን መነካካት እንኳ አልጀመረም። ሣህኑን አንሥቶ ወደ በሩ ብርሃን ዘንበል አደረገና ብልጭ ያለችውን በወረንጦው ለቀም አድርጎ ጋሽ ይማም መዳፍ ላይ አኖራት። «ማሻአላህ» አሉ ጋሽ ይማም። ወደኔ ዞረው ደግሞ «አንተ ነገ ትቀጥላለህ» አሉኝ። በጌታቸው መቅናት የጀመርሁት ያን ዕለት ነው። ሥራውንም ቅናቱንም በአንድ ቀን ጀመርኋቸው ማለት ነው።

ጋሽ ይማም ዘንድ እንዴት እንደ ደረስሁ ልንገራችሁ። ደርግ ሲወድቅ መካነ ሰላም የገባሁት አንድ የወታደር ካፖርትና አንድ የቆመ የሩሲያ ሰዓት ይዤ ነው። ሰዓቱን እንዲያዩልኝ ሰጠኋቸው። ክዳኑን ሲከፍቱ አንገቴን አስግጌ አየሁ። ትንንሾቹ ጥርሶች እርስ በርስ ተያይዘው ቆመዋል። ጋሽ ይማም አንዷን በወረንጦ ጫፍ ነካ ሲያደርጓት ሁሉም ተነሣ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን በረንዳቸው ላይ ተቀምጬ ሥራቸውን ሳይ ዋልሁ። በሦስተኛው ቀን «አንተ ሰውዬ፣ እንዲህ ከምታፈጥብኝ ብትማር አይሻልህም?» አሉኝ።

እሳቸው ሙያውን የተማሩት ደሴ ውስጥ ከአንድ የመናዊ ነው። ደረጃ ነበረው። የመጀመሪያውን ዓመት ለማጅ ነህ፤ ዕቃ በቤንዚን ታጥባለህ፣ ማሰሪያ ትቀይራለህ፣ መስታወት ትወለውላለህ። ሁለተኛውን ዓመት ረዳት ትሆንና የግድግዳ ሰዓትና የጠረጴዛ ደወል ይሰጥሃል። በሦስተኛው ዓመት፣ እጅህ የማይንቀጠቀጥ ከሆነ፣ የእጅ ሰዓት ትከፍታለህ። ጌታቸው በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ የእጅ ሰዓት ከፈተ። እኔ ሦስቱን ዓመት ጨርሼ አራት ወር ተጨመረብኝ።

የተጨመረብኝም በከንቱ አልነበረም። አንድ ቀን የአንድ አስተማሪ የጠረጴዛ ደወል ፈትቼ ስገጥም ጌታቸው ምን እየሠራ እንደሆነ ቀና ብዬ አየሁ። ያን ጊዜ ሞላው ከወረንጦዬ አፈትልኮ በበሩ ወጣ። በረንዳውን በእንብርክክ ጠረግሁት፤ አልተገኘም። ጋሽ ይማም አልተቆጡም። «እጅህ ደህና ነው። ዓይንህ ነው ሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ የዋለው» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከጋሽ ይማም ሕጎች ሁለቱን መንገር አለብኝ፤ ያለ እነሱ የምነግራችሁ ነገር አይገባም። አንደኛው ምልክት ነው። ሰዓት አድሰህ ስትጨርስ፣ ወይም ከፍተህ አይተህ ውስጡ የራሱ መሆኑን ስታምን፣ ክዳኑን ገልብጠህ በመርፌ ጫፍ ፊደልህን ትጭራለህ። የኔ «እ» ነበረች፣ እንድሪስ ነኝና። የጌታቸው «ጌ» ነበረች። በባዶ ዓይን አይታዩም፣ ዓይን ላይ የምንገጥመው ማጉያ ይፈልጋሉ። ውስጡ ተቀይሮ የሌላ ሰዓት አንጀት የተከተተበት ከሆነ ግን ምልክት አይጫርም። ጋሽ ይማም በዚህ ቀልድ አያውቁም ነበር።

ሁለተኛው ቃል መስጠት የምንለው ነው። ያገለገለ ውድ ሰዓት ለሽያጭ ሲመጣ ገዢውም ሻጩም ተስማምተው ወደ ሠሪ ይወስዱታል። ሠሪው ከፍቶ ያይና «የራሱ ነው» ወይም «የራሱ አይደለም» ይላል። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም። ገዢው ራሱ ሠሪ ከሆነ ደግሞ ገዝቶ የራሱ እስኪያደርገው ድረስ ክዳኑን አይነካም፤ ሌላ ሠሪ ነው የሚከፍትለት። ገዢ ራሱ የከፈተው ሰዓት መቼም እንከን አያጣማ።

ወደ ጌታቸው ልመለስ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ደግ ሰው ነው፣ እሱም ያበሽቀኛል። ከገጠር ሰዓቱን በመሐረብ ጠቅልሎ የመጣ ገበሬ እኔ እጄን ስዘረጋ «ያ ቀዩ ልጅ የለም እንዴ?» ይላል። እጁ በረካ አለው ይሉ ነበር። አማቴ እንኳ፣ የገዛ ሚስቴ እናት፣ የግድግዳ ሰዓቷን በነጠላዋ ሸፍና በኔ በር አልፋ ለእሱ ወሰደችለት። ስጠይቃት «አንተን እንዳላስቸግርህ ብዬ ነው ልጄ» አለችኝ። ወላሂ አንድ ወር ቤቷ አልሄድሁም።

ገና ረዳት ሳለን መንገድ ሊለካ የመጣ አንድ መሐንዲስ ሰዓቱን አስገባ። ክሮኖግራፍ ነበር። ለማታውቁት፣ ከመሙያው በላይና በታች ሁለት ጉጦች አሉት። የላይኛውን ስትጫነው ረጅሙ ቀጭን ቆጣሪ ተነሥቶ ይሮጣል፤ ደግመህ ስትጫነው ይቆማል፤ የታችኛውን ስትጫነው ዘሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ፊቱ ላይ ደግሞ ትንንሽ ክቦች አሉ፣ ያለፈውን ደቂቃና ሰዓት የሚይዙ። ጋሽ ይማም ከፍተው በየተራ በማጉያቸው አሳዩን። በአንድ ሰዓት ላይ ሌላ ሰዓት የተሠራበት ይመስላል።

ጌታቸው ብዙ ቆየበት። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል። «አንድ ቀን እንዲህ ያለ እገዛለሁ» አለ። እኔም ልክ ይህንኑ እያሰብሁ ነበር። እሱ ቀድሞ ስለተናገረው ግን ዋጥሁት። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ያጠራቅም ጀመር። ሲያገባም ሲወልድም ያቺን ገንዘብ አልነካም፤ ሚስቱ ለሚስቴ እያማረረች ትነግራታለች።

ጋሽ ይማም ዓይናቸው ሲደክም ዕቃቸውን ለሁለታችን አካፈሉን። ለኔ ጠረጴዛቸውንና የመስታወት ሳጥኑን፣ ለጌታቸው ማጉያቸውን ሰጡ። ሚስቴ «ጠረጴዛ እኮ ይበልጣል፣ ያቺ ብልቃጥ የምታክል ነገር ምን ታደርግልሃለች?» ትለኛለች። ምን ብዬ ላስረዳት? የሰውዬው ዓይን ናት እኮ። ብዙም ሳይቆዩ ጋሽ ይማም አረፉ። እኛም ፊት ለፊት ሁለት ሱቅ ተከራይተን ከፈትን። መሐላችን መንገዱ ብቻ ነው። ማለዳ መዝጊያውን ሲከፍት እሰማዋለሁ። ቀድሞኝ ከከፈተ የዚያን ዕለት ቀኔ ይበላሻል።

ሞባይል በየኪሱ ከገባ ወዲህ ሥራችን ቀነሰ። ስንት ሰዓት ነው ስትለው ሁሉም እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። የቀረን ከዓረብ አገር የሚመጣው ሰዓት ነበር፤ እሱም አብዛኛው ወርቅ የተቀባ ቆርቆሮ ነው። ዘሀራ የመጣችው በእነዚያ ዓመታት ነው።

ዘሀራ ሳውዲ ስምንት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት። አንድ አልጋ ላይ የዋሉ ሽማግሌ ስታስታምም ኖራ፣ ሰውዬው ሲሞቱ ልጆቻቸው ሰዓታቸውን ሰጧት። መስጠታቸውንም በወረቀት ጽፈው ፈርመውላታል። አገሯ ከአቀስታ ወዲህ ያለ የገጠር መንደር ነው። እዚያ ወፍጮ የለም። ሴቶቹ እህል አዝለው የግማሽ ቀን መንገድ ይሄዳሉ። ዘሀራ በሰዓቱ ገንዘብ የወፍጮ ሞተር ልትገዛ፣ ወንድሟ ደግሞ ቤቱን ሊሠራ ተነጋግረው፣ መካነ ሰላም አክስቷ ቤት አርፋ ገዢ ትፈልግ ነበር።

መጀመሪያ የሄደችው ጌታቸው ዘንድ ነው። መሐረቡን ስትፈታው ክሮኖግራፍ፣ ያውም የታወቀ፣ የስዊዝ። ጌታቸው ክዳኑን አልነካም። በሞተሩ ዋጋ ልክ ተስማሙ፤ ስንት ዓመት ያጠራቀመው በዚያው ሊያልቅ ነው። ከዚያ «ቃሉን እንድሪስ ይስጥሽ» ብሎ ወደኔ ላካት። አስቡት፤ በከተማው ያለነው ሠሪዎች እሱና እኔ ብቻ ነን። እሱ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ጠርጥሮኝ አያውቅም።

ረፋድ ላይ መጣች። «አያ እንድሪስ፣ ጌታቸው ነው የላከኝ፣ እስኪ ይዩልኝ» ብላ ሰዓቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። ቁጭ በይ ብያት በሩን በአንድ ወገን ገርበብ አደረግሁ፣ አቧራ እንዳይገባ። ክዳኑን በቁልፉ ፈታሁ።

ያ ረቢ! እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። የእያንዳንዱ ብረት ጠርዝ እንኳ ለብቻው ተሞርዷል፣ ማንም አያየው ነገር። ውስጡ ያለው ስም ከፊቱ ስም ጋር አንድ ነው። የብሎኖቹ ራስ ላይ አንድ ጭረት የለም፤ የማይረባ እጅ አልገባበትም። የላይኛውን ጉጥ ተጫንሁ። አንዷ ዘንግ ቀስ ብላ ተነሣች፣ ጥርሱ ጥርሱን ያዘ፣ ቆጣሪው ሄደ። ተጫንሁ፣ ቆመ። የታችኛውን ተጫንሁ፣ ተመለሰ። ዘሀራን ረሳኋት። ራሴንም ረሳሁ። እጄ ክዳኑን ገልብጦ መርፌውን አንሥቶ «እ» ብሎ ጫረ። ለዓመታት የሠራው ሥራ ነው፤ እኔን አልጠየቀኝም።

ከዚያ ቀና አልሁ። በበሩ ክፍተት ጌታቸው ይታየኛል። ለጥምቀት የሚለብሰውን ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። የጠራውን መስታወት ይወለውላል። የግራ እጅጌውን ሰብስቦታል፣ እጁ ባዶ ነው። የራሱን ሰዓት ከወዲሁ አውልቆ ቦታ አዘጋጅቷል።

«ጌታቸውማ ደስታውን አልቻለውም» አለች ዘሀራ እየሣቀች።

ብሎኗን እሱ፣ ማጉያውን እሱ፣ ገበሬውን እሱ፣ አማቴን እሱ። አሁን ደግሞ ይህን ሰዓት አሥሮ ዕድሜ ልኩን በፊቴ ሲመላለስ ልይ? ክዳኑን ገጠምሁና ጠበቅ አደረግሁት።

«ውስጡ የራሱ አይደለም» አልኋት።

ቶሎ አልገባትም። ፊቱና ቀፎው እውነተኛ ነው፣ ውስጡን ግን አንድ ቦታ አውጥተው ርካሽ ነገር ከተውበታል ብዬ አስረዳኋት። አፌ ቅቤ ሆኖ ነበር። «ልጃቸው ከሰውዬው እጅ ስታወልቀው በዓይኔ አይቻለሁ እኮ» አለችኝ። «እነሱም አላወቁ ይሆናል፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ» አልኋት። ከዋሸሁት ሁሉ ዛሬም የሚያሳፍረኝ ያ አብሽሪ ነው።

ሰዓቱን በመሐረቧ ጠቅልላ መንገዱን ተሻገረች። ጌታቸው ሲሰማ ፊቱ ሲወድቅ አየሁት። አልዋሻችሁም፣ ጣፈጠኝ። ቃሌን አልተጠራጠረም፣ መጥቶ እንኳ አልጠየቀኝም። ከኪሱ የድሮ ሰዓቱን አውጥቶ መልሶ አሠረ።

በማግሥቱ የአንድ ሾፌር ሰዓት አድሼ ጨረስሁና ክዳኑን ገልብጬ መርፌውን አነሣሁ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። የዘሀራ ሰዓት ላይ ምልክት ጭሬበታለሁ! ውስጡ የራሱ አይደለም ባልሁት ሰዓት ላይ የራሱ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ። ቆይቶ ራሴን አጽናናሁ። ደሴ ወስዳ ትሸጠዋለች፣ የደሴ ሠሪዎች ደግሞ «እ» የማን እንደሆነች አያውቁም።

አራት ቀን ቆይቶ ጌታቸው መንገዱን ተሻግሮ ሱቄ ገባ። እጁን ዘረጋልኝ። ክሮኖግራፉ አለ።

ዘሀራ ተመልሳ መጥታ ለምናው ነበር። ወሬው በየቤቱ ስለተዳረሰ ሰዓቱን ማየት አስጠልቷት የፈለግኸውን ስጠኝና ውሰድልኝ አለችው። እሱም ውስጡ ምንም ይሁን ፊቱ ያምራል ብሎ በአንድ ወጠጤ ዋጋ ገዛው። የዋጋው ማነስ ከንክኖት አንገቱን ሰበር አድርጎ ነው የነገረኝ። እኔ እንዳይገዛው ብዬ የዋሸሁትን ሰዓት በነጻ በሚባል ዋጋ ያስገዛሁት እኔው ራሴ ሆንሁ። ሣቄም ልቅሶዬም እኩል መጣ።

«ከፈትኸው?» አልሁት፣ ድምፄን ቀለል ለማድረግ እየሞከርሁ።

«አልከፈትሁትም። ሬሳ ለማየት ምን ያስቸኩለኛል?»

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሦስት ሳምንታት አልመኝላችሁም። መጀመሪያ ለመለዋወጫ እፈልገዋለሁ፣ ሽጥልኝ አልሁት። «አንተ ውስጡ የማይረባ ሰዓት ምን ያደርግልሃል?» ብሎ ሣቀ። በሳምንቱ እንግዲያው ላጥብልህ አልሁት፤ ሲቆም አመጣልሃለሁ አለኝ። በየማለዳው ሰዓቱ እንዴት ነው እላለሁ፤ «ይገርምሃል፣ አንድ ደቂቃ አይሳሳትም» ይለኛል። ሥራ ይዤ ዓይኔ ማዶ ነው። እሱ ማጉያውን ባነሣ ቁጥር ሥራዬን ጥዬ በሬ ላይ እቆማለሁ። ሚስቴ አሞሃል ወይ፣ ጤና ጣቢያ ሂድ እያለች ጨቀጨቀችኝ።

አንድ ማክሰኞ ቀትር ላይ ሆነ። ቆጣሪው ሲመለስ ከቦታው አንዲት ጭረት ያህል ማለፍ ጀምሮ ነበርና ጌታቸው ሊያስተካክለው ከፈተው። ከማዶ አየሁት። የጋሽ ይማምን ማጉያ ዓይኑ ላይ ገጥሞ አጎነበሰ። ብዙ ቆየ። ቀና ብሎ ደግሞ አጎነበሰ። ከዚያ ክዳኑን አነሣና ወደ በሩ ብርሃን ዘንበል አደረገው፣ ያን ዕለት ሣህኑን እንዳደረገው አድርጎ። አለቀልኝ አልሁ።

መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ክዳኑን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ፣ ማጉያውንም ሰጠኝ። ከጋሽ ይማም ወዲህ ማጉያዋ ዓይኔ ላይ ስታርፍ የመጀመሪያዋ ነው።

«ይህች የማን ናት?» አለኝ።

«የኔ ናት።»

«መቼ ጫርሃት?»

«ዘሀራ ያመጣችው ቀን።»

«እንግዲያው አውቀህ ነው።»

«አውቄ ነው።»

«ለምን?»

ልዋሽ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያሰናዳሁት ነገር ነበር። አፌ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነው። «ቀንቼብህ» አልሁት። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ያን ቃል ከአፌ ሳወጣ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ጌታቸው ደንበኛ የሚቀመጥባት በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። «እኔስ ደህና ነኝ፤ ሰዓቱን አግኝቻለሁ» አለ። «ሴትዮዋ ግን ወፍጮ ነበራት። የቀረውን ዋጋ አሁን እወስድላታለሁ። የሰጠኸውን ቃል ግን እኔ ልመልስልህ አልችልም። ተነሥ።»

ተከትየው ሄድሁ። ያ ሁሉ ያጠራቀመው ገንዘብ በአንድ ጊዜ ሊወጣ ነው፣ ያስገደደውም የለም፣ እርምጃው ግን ሠርግ እንደሚሄድ ሰው ነበር። ብታምኑም ባታምኑም በዚያም ቀናሁበት።

ዘሀራ አክስቷ ቤት ጓሮ እህል ታበጥራለች። ገባን፤ ነገርኋት። ጌታቸው በአንድ ቃል እንኳ አልረዳኝም። እስክጨርስ ሰማችኝና ሰፌዷን መሬት አኖረች።

«አያ እንድሪስ» አለችኝ፣ «የሰው ቤት ስምንት ዓመት ስኖር አንድ ማንኪያ ጎደለ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። አገሬ ገብቼ ግን ሐሰተኛ ሰዓት ይዛ መጣች ተባልሁ። ወንድሜ እንኳ ‹ስምንት ዓመት ለዚህ ነው?› አለኝ። ገንዘቡን ጌታቸው አምጥቷል፣ አላህ ይስጠው። አንቱ ግን እዚህ ጓሮ የነገሩኝን እዚያው በዋሹበት ቦታ ይንገሩልኝ። ገበያ ቀን፣ ወንድሜ ባለበት።»

በገበያው ቀን በረንዳዬ ላይ ቆምሁ። ዘሀራና ወንድሟ፣ የጎረቤት ነጋዴዎች፣ ሰዓት ሊያስከፍቱ የመጡ ገበሬዎች ነበሩ። ጌታቸው ሰዓቱን ከፍቶ ጋሽ ይማም ጠረጴዛ ላይ አኑሮታል። ይህ ሰዓት የራሱ ነው፣ ያን ጊዜም የራሱ ነበር፣ ዘሀራ እውነቷን ነው፣ አውቄ ነው የዋሸሁት አልሁ። አንድ ሽማግሌ ለምን ብለው ጠየቁኝ። በጌታቸው ቀንቼ አልኋቸው። ሰው ይሥቃል ብዬ ነበር፤ ማንም አልሣቀም። የዘሀራ ወንድም እኔን አላየኝም። እሷን አቅፎ ትከሻዋን ሳማት። ከአቀስታ የመጣ አንድ ነጋዴ ለዕድሳት የሰጠኝን ሰዓት እንደተፈታ በወረቀት ጠቅልዬ እንድመልስለት ጠየቀኝ፤ መለስሁለት። ጋሽ ይማም ይህን ሳይሰሙ በማለፋቸው አልሃምዱሊላህ አልሁ።

ከዚያ ወዲህ ቃል ስጠን ብሎ የመጣ የለም። ውድ ሰዓት ያለው ሰው በአውቶቡስ ደሴ ይወርዳል። ደጎሎ ድረስ ወሬው ደርሶ ነበር። እኔ ባትሪና ማሰሪያ ቀየርሁ፣ የሞባይል ቻርጀር ሸጥሁ፣ በዚያው ልጆች አሳደግሁ። የዘሀራ ወፍጮ ተተከለ። አንድ ጊዜ በጭነት መኪና በዚያ ሳልፍ ሲፈጭ ሰማሁት። እህል የያዙ ሴቶች ተሰልፈዋል። ሾፌሩ ሻይ እንጠጣ ቢለኝ አልወርድም አልሁት።

ከጌታቸው ጋር ሰላምታ አልተቋረጠም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓቱን ሌላ ሰው አስነክቶ አያውቅም፤ ራሱ ይከፍታል፣ ራሱ ያጥባል። ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ሁለታችንም ጠጉራችን ሸብቶ፣ አንድ ቀን መጥቶ ሰዓቱን ከእጁ አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ። «ዓይኔ አልሆነልኝም» አለኝ። «እጠብልኝ።»

አምስት ቀን ወሰደብኝ። እያንዳንዷን ጥርስ ለየብቻ በቤንዚን አጠብሁ፣ በዘይት ጠብታ ነካካሁ። አንድ ቀን እንኳ ቀና ብዬ ማዶ አላየሁም። ገጥሜ ስጨርስ ቆጣሪው ሄደ፣ ቆመ፣ ሲመለስ ቦታው ላይ አረፈ። ከክዳኑ ሥር የኔ «እ» አለች፤ ከሥሯ የጌታቸው «ጌ» ሦስት ጊዜ ተጭራለች። ጌታቸውን ጠራሁት። ክዳኑን ገልብጬ መርፌውን ያዝሁና «ልጫር?» አልሁት።

ክዳኑን አየ፣ እኔን አየ። «አንዷ ትበቃሃለች» አለኝና ክዳኑን እንድገጥም ጠበቀ። ከዚያ ሰዓቱን አሥሮ ወጣ።

ለወጣት ሠሪዎች የምለው አጭር ነው። ለቃል የመጣ ሰዓት ከመክፈታችሁ በፊት ገዢው ማን እንደሆነ ጠይቁ። የምትቀኑበት ሰው ከሆነ እጄን አሞኛል ብላችሁ ሳትከፍቱ መልሱት። እኔ ዛሬም ጌታቸው መንገዱን ሲሻገር ሳየው ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ግራ እጁ ላይ ነው።